ዝም ያለ ሁሉ ድኗል ማለት አይደለም

በቤት ውስጥ በጽኑ የታመመ ሰው ሲኖር የቤተሰቡ ዓይን ዘወትር የሚያተኩረው በሚያስደነግጠው ምልክት ላይ ነው። ጩኸቱ፣ መወራጨቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ እስኪበርድ ድረስ ሁሉም በእግሩ ይቆማል። የበረደ ዕለት ደግሞ «ተመስገን፣ አለፈ» ተብሎ እያንዳንዱ ወደየሥራው ይመለሳል። ይሁን እንጂ ጩኸታቸው ከበረደ በኋላ በዝምታ የሚጐዱ ሕመሞች አሉ። ከእነዚህም አንዱ ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ነው። በዛሬው ጽሑፌ ላነሣው የፈለግሁት በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ድብርት ሲደርስበት ምን መደረግ እንዳለበት፣ በተለይም የድብርት መድኃኒት ይበጀው ወይስ ይጐዳው የሚለውን ጥያቄ ነው። ጉዳዩ ከቤታችን የገባ ስለሆነ እንደ ጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን እንደ እኅትም እጽፈዋለሁ።

ስኪዞፍሬንያ የሰውን ሐሳብና ስሜት የሚያዛባ ሕመም ነው። የታመመው ሰው በአጠገቡ ማንም ሳይኖር ድምፅ ይሰማል፤ ጐረቤት ያሤረበት፣ ሬዲዮ ስለ እርሱ የሚናገር፣ ሐሳቡን ሌላ ሰው የሚያነብበት ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ይኸውም ወላጅ «ልጄ ለቁም ነገር ደረሰልኝ» በሚልበት ወራት መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች አንዱ ያህል ይህ ሕመም አለበት። በአገራችንም በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ሰፊ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ ሕመሙ በገጠሩም ሕዝብ መካከል እንዳለ ታውቋል። እንግዲህ የከተማ ወይም የፈረንጅ በሽታ ነው ማለት አይቻልም። የእናት አስተዳደግም አያመጣውም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አንዳንድ የውጭ አገር ሐኪሞች ጥፋቱን በእናቶች ላይ ያሳብቡ ነበር፤ ያ አስተሳሰብ ማስረጃ ስላልተገኘለት ከተጣለ ቆይቷል።

ታናሽ ወንድሜ የታመመው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በሞያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምሮ የሰፈሩን ሬዲዮና ካውያ የሚጠግን፣ ጨዋታ ወዳድ ልጅ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ መስኮት መዝጋት አበዛ፤ በመጨረሻም «ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች ስሜን እየጠሩ ይሰድቡኛል» ማለት ጀመረ። እናታችን ጸበል ወስዳው እዚያው ሰነበቱ። ከዚያም በአንድ ዘመዳችን ምክር ሐኪም ዘንድ ቀረበና ሃሎፔሪዶል የተባለው መድኃኒት ታዘዘለት፤ ሰውነቱን እንዳያደርቀው አብሮ የሚወሰድ ሌላ ክኒንም ተጨመረ። ሁለት ወር ያህል ከወሰደ በኋላ ድምፆቹ እየራቁ ሄደው ጠፉ። በዚያ ሰሞን በቤታችን የነበረውን ደስታ መግለጽ ያስቸግራል። እናቴ ስለቷን አገባች፤ ጐረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ።

ከደስታው በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። ወንድሜ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወለል ወለሉን ያያል። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ጐርሶ ይተዋል። ዕቃ ሊያሠሩ የመጡትን ሰዎች «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ይመልሳል። በሰፈሩም ሦስት ዓይነት ወሬ ተወራ። አንዱ «ሥራ ጠልቶ ነው» አለ። ሌላው «መድኃኒቱ አደነዘዘው» አለ። ሦስተኛው «የያዘው ነገር ገና አለቀቀውም» አለ። እናቴ በበኩሏ «ዝም ይበል፣ ግድ የለም፤ ያ ጩኸት ካልተመለሰ ሌላ ምን እሻለሁ» ትል ነበር። በየወሩ ወደ ሕክምና ሲሄድም ጥያቄው አንድ ነው፤ «ድምፅ ይሰማሃል?» «አልሰማም።» «እንግዲያው መድኃኒቱን ቀጥል።» ውጭ የተሰለፈው ሕዝብ ብዛት ሲታይ ሐኪሙ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ከየት ያምጣ? የወንድሜም መልስ እውነት ነበር፤ ድምፅ አይሰማም። ልቡ ውስጥ ያለውን ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ወንድሜ ከእጁ የማይለየውን ትንሽ ሬዲዮ ለጐረቤት ልጅ ሰጠ። በማግሥቱ ደግሞ ከሱቅ የነበረበትን የአርባ ብር ዕዳ ከፍሎ፣ ባለ ሱቁንም «ይቅር በለኝ» ብሎት መጣ። እናቴ «የልጄ ልብ ተመለሰ» ብላ ተደሰተች። በዚያው ሰሞን አንዲት ደግ ጐረቤታችን «እኔን ለራስ ምታቴ የሰጡኝ ነው፤ እንቅልፍ ያስተኛል፣ ሐሳብም ያቀልላል» ብላ አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድብርት ክኒን አመጣችላት። እናቴ ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሳትሰጠው እስከ ቀጠሮው ቀን ቆየች።

በቀጠሮው ቀን እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ተረኛዋ ነርስ እንደተለመደው ወንድሜን ጠየቀችው፤ «አልሰማም» አላት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ፣ «እማማ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ይነቃል?» አለቻት።

«ኧረ እሱስ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተነሥቶ ቁጭ ነው፣ ሲስተር።»

«የሚከፋው ጧት ነው ወይስ ማታ?»

«ጧት ነው። ማታ ማታስ ትንሽ ይሻለዋል።»

«ስለ ራሱ ምን ይላል?»

እናቴ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ «‹እማዬ፣ እኔ ባልኖር አንቺ ታርፊ ነበር› ይለኛል» አለች። የሬዲዮው፣ የዕዳውና የክኒኑ ነገር የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ነርሷ ካርዱን ይዛ ወደ ሐኪሙ ገባች። ያን ዕለት ከዚያ ግቢ የወጣነው ከቀትር በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለማወቅ ሐኪሞችን ጠይቄአለሁ፤ የተጻፈውንም አንብቤአለሁ። የተረዳሁት ነገር ቢኖር የሰፈራችን ሦስት ወሬዎች እያንዳንዳቸው የእውነት ጭላንጭል እንዳላቸው ነው። ድምፅ መስማቱ የተወው ሕመምተኛ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሦስቱ ይደራረባሉ።

አንደኛው ሰው ስንፍና የሚለው ነው። ስኪዞፍሬንያ ድምፅ ከማሰማቱ ሌላ ከሰው ላይ የሚወስደው ነገር አለ። ፊት ስሜት አያሳይም፤ ንግግር ያጥራል፤ ለመነሣት፣ ለመታጠብ፣ ሰው ለመጠየቅ ያለው ፍላጐት ይሞታል። ሐኪሞች እነዚህን አሉታዊ ምልክቶች ይሏቸዋል። የሕመሙ አካል ናቸውና በቁጣና በተግሣጽ አይድኑም። እንዲህ ያለው ሰው «ከፍቶሃል?» ሲባል ብዙውን ጊዜ «አልከፋኝም» ይላል፤ በእርግጥም ኀዘን አይሰማው ይሆናል፤ የሚሰማው ባዶነት ነው።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ጫና ነው። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ እንዲሁም በየወሩ ገደማ በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፌናዚን የብዙዎችን ሕይወት ያተረፉ መድኃኒቶች ናቸው። መጠናቸው ለሰውየው ሲበዛበት ግን ሰውነት ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ይንቀረፈፋል፣ ፊት እንደ ጭምብል ይሆናል። አንዳንዱን ደግሞ እግሩ «አላስቀምጥ» ብሎት ሲነሣ ሲቀመጥ ይውላል፤ ይህ መቁነጥነጥ በጣም የሚያስጨንቅ ስለሆነ ፈጥኖ ለሐኪም መነገር አለበት።

ሦስተኛው ራሱን የቻለ ድብርት ነው። በዛሬው የሕክምና ቋንቋ ድባቴ ይባላል። ግምቱ እንደየጥናቱ ቢለያይም፣ በስኪዞፍሬንያ ከሚሠቃዩት መካከል በማናቸውም ጊዜ ቢታይ ከአራቱ አንዱ ያህል ይህ ድብርት እንደሚኖርበት በሰፊው ይነገራል። ሕይወቱ እንዴት እንደተለወጠ፣ ጓደኞቹ ሥራ ይዘው ትዳር ሲመሠርቱ እርሱ ከቤት መቅረቱን የሚያስተውለው ሰው፣ ድምፆቹ ጸጥ ብለውለት አእምሮው የተመለሰለት ነው። ስለዚህ የመዳን መጀመሪያ ከምንለው ወራት ጋር ከባድ ኀዘን አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ሦስቱን ለመለየት በካናዳ የሚገኙ ሐኪሞች ለስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ብቻ የሚሆን ዘጠኝ ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። በከተማቸው ስም የካልጋሪ መመዘኛ ይባላል። በውስጡም ተስፋ መቁረጥ፣ ራስን ዝቅ አድርጎ ማየት፣ የጥፋተኛነት ስሜት፣ ጧት ጧት የሚብስ መከፋት፣ ያለ ጊዜው መንቃትና ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ ይገኙበታል። ነርሷ እናቴን የጠየቀቻት ጥያቄ ከዚህ ጋር የሚገናኝ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹን ሌሊት ከጐኑ የምትተኛው፣ እንጀራ የምታቀርብለት፣ ልብሱን የምታጥብለት ሴት ከማንም በፊት ታያቸዋለች። ሐኪሙ በወር አንድ ቀን ያየዋል፤ ቤተሰቡ ሃያ ዘጠኙን ቀን ያየዋል።

ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ነው የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ በስኪዞፍሬንያ ከተያዙ ሰዎች መካከል ከመቶ አምስት ያህሉ በገዛ እጃቸው ያልፋሉ። አደጋው በተለይ የሚያይለው ሕመሙ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታትና ከሆስፒታል በወጡበት ሰሞን ነው። በቡታጅራ በጽኑ የአእምሮ ሕመም የተያዙ 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ያህል ተከታትለው ሲታዩ 121ዱ አርፈዋል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የቀጠፏቸው ተላላፊ በሽታዎች ሲሆኑ፣ ራስን ማጥፋትም ከጉልህ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ለዚህ ድብርት የድብርት መድኃኒት ይሰጣልን? ጥያቄው የቆየ ታሪክ አለው። ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ሕሙማንን ማረጋጋቱ ከታወቀ በኋላ፣ በስዊዘርላንድ በሙንስተርሊንገን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሮላንድ ኩን የተባለ ሐኪም፣ በቅርጹ ክሎርፕሮማዚንን የሚመስል አንድ አዲስ መድኃኒት ለስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ሞከረ። አልሠራም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን አወካቸው። ያንኑ መድኃኒት በ1956 በከባድ ድብርት ለተያዙ ሕሙማን ሲሰጥ ግን ሰዎቹ ከአልጋቸው ተነሡ፤ መናገርም ጀመሩ። ይህ ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ነው። ውጤቱንም በ1957 አሳተመ። ከመጀመሪያዎቹ የድብርት መድኃኒቶች አንዱ የተገኘው ስኪዞፍሬንያን ለማከም ሲፈለግ ነው ማለት ነው። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች «የድብርት መድኃኒት ለስኪዞፍሬንያ ሕመምተኛ ቢሰጥ ድምፆቹን ይቀሰቅሳል» እያሉ ይጠነቀቁ የነበረውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዛሬ ማስረጃው በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ 82 ሙከራዎችን፣ 3 ሺህ 608 ሕሙማንን አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። በእነዚህ ሙከራዎች የድብርት መድኃኒት የተሰጠው በስኪዞፍሬንያው መድኃኒት ላይ ተጨምሮ ነው። የተገኘውም ውጤት ድብርቱን፣ ከዚያም አልፎ ያንን የመደንዘዝ ምልክት በመጠኑ እንደሚያሻሽል፣ ድምፆቹንም የመቀስቀስ አደጋው ከፍ ብሎ እንዳልታየ ነው። «በመጠኑ» የሚለውን ቃል አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ሁሉንም ሰው አይረዳም፤ የሚረዳውንም ቢሆን በአንድ ሌሊት አይለውጥም። በፊንላንድ 2 ሺህ 588 ሕሙማንን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ የድብርት መድኃኒት ይወስዱ በነበሩት መካከል ራስን ማጥፋት አነስ ብሎ መታየቱን ይገልጻል። ይህ ዓይነቱ ክትትል መድኃኒቱ ብቻውን ምክንያት ነው ብሎ ለመፍረድ ባያስችልም፣ የቀድሞውን ፍርሃት ያቀልላል።

ስለዚህ የዛሬ ሐኪሞች በቅደም ተከተል ይሄዳሉ። በወንድሜ ላይ ያየሁትም ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ ሌላ የአካል ሕመም እንዳይኖር ደሙ ተመረመረ፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ሳንባ ነቀርሳና ሌሎችም ሕመሞች ሰውን እንዲህ ሊያዝሉት ይችላሉና። ጫትና መጠጥ መውሰድ አለመውሰዱ ተጠየቀ። በየሳምንቱ እንዲመጣ፣ ቤት ውስጥ ብቻውን እንዳይተው፣ ክኒኑ ሁሉ በእናቴ እጅ እንዲሆን ታዘዘ። ከዚያ የሃሎፔሪዶሉ መጠን በጥቂቱ ዝቅ ተደረገ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእጁ መንቀጥቀጥ ቀንሶ ስኒ ሳያፈስ መያዝ ቻለ። የሌሊት ዘጠኝ ሰዓቱ መንቃትና «እኔ ባልኖር» የሚለው ንግግር ግን አልተለወጠም። ሐኪሙ ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት በትንሽ መጠን የጨመረው ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው።

አሁን ለእናቶችና ለቤተሰብ ኀላፊዎች በተለይ ማሳሰብ የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ።

የድብርት መድኃኒት የስኪዞፍሬንያውን መድኃኒት አይተካም። «አሁን የሚያስፈልገው ለኀዘኑ ብቻ ነው» ብሎ የመጀመሪያውን ማስቆም ድምፆቹን መልሶ ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱ ጐን ለጐን የሚሄዱ ናቸው።

የጐረቤት ክኒን ለጐረቤት ነው። ያቺ ደግ ሴት ያመጣችው አሚትሪፕቲሊን ለእርሷ ጠቅሟት ይሆናል። ነገር ግን ከክሎርፕሮማዚንና ሰውነት እንዳይደርቅ ከሚሰጠው ክኒን ጋር ሲደራረብ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያስራል፣ ሽንት ያግዳል፣ ብድግ ሲሉም ራስን ያዞራል። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ደግሞ ልብን ስለሚመታ ለሕይወት አስጊ ነው። አዲሶቹም ቢሆኑ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፍሉኦክሰቲን የሃሎፔሪዶልንና የሪስፐሪዶንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ ፍሉቮክሳሚን የተባለው ደግሞ ክሎዛፒንን እጅግ ያበዛዋል። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በላስቲክ ከረጢት ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል።

የድብርት መድኃኒት ዛሬ ተውጦ ነገ አይሠራም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ነው፤ ለአንዳንዱ ከዚያም ይዘገያል። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ሆድ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ መዛባትና መረበሽ ሊኖር ይችላል። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ሰሞን ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ለልጆች የጀመረውን ማስጠንቀቂያ በ2007 እስከ 24 ዓመት ድረስ አስፍቶታል። ዓላማው ወጣቶች መድኃኒቱን እንዲፈሩ ሳይሆን በቅርብ እንዲታዩ ነው። በሌላ በኩል ሕመምተኛው ድንገት እንቅልፍ አልፈልግም ካለ፣ ንግግር ካበዛ፣ ገንዘብ ከበተነ፣ ወይም ድምፆቹ ከተመለሱ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መወሰድ አለበት።

የተሻለውም ሰው መድኃኒቱን በአንድ ቀን አያቁም። ድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ መበሳጨትና ሕልም መብዛት ያመጣል፤ ድብርቱም ሊመለስ ይችላል። የሚቆመው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። የሞት ሐሳብ አልለቅ ያለውን ሕመምተኛ በሚመለከት ሐኪሞች ክሎዛፒንን ያስባሉ፤ የደም ምርመራ ክትትል ይጠይቃል እንጂ ይህን አደጋ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ለዚሁ ተፈቅዷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ እናቶች «ስለ ሞት ብጠይቀው ሐሳቡን አስተምረዋለሁ» ብለው ይፈራሉ። የባለሞያዎቹ መልስ ግልጽ ነው፤ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ እንዲያውም የተሸከመውን ያቀልልለታል። «ልጄ፣ ሕይወት አስጠልቶህ ራስህን ልጐዳ ብለህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀስታ መጠየቅ ይቻላል። «አዎን» ካለ አለመደንገጥ፣ አለመገሠጽ፣ «ኃጢአት ነው» ብሎ አፉን አለመዝጋት፤ ከዚያም ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ዕቃን ማደል፣ ዕዳን ያለ ጊዜው መክፈል፣ እንደሚሰናበት ሰው ይቅርታ መጠየቅ የመልካም ጠባይ ምልክት ብቻ ሆነው የማይታዩበት ጊዜ አለና ይጤንባቸው።

ለሕክምና ወዴት እንደሚኬድ ለማያውቁ፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1987 ከተጀመረ ወዲህ ግን አገልግሎቱ ወደ ብዙ ሆስፒታሎች ተስፋፍቷል፤ የሚቀርበው ጤና ጣቢያም ወደ ተገቢው ቦታ ይልካል። ጸበል የሚወስዱም ቢሆኑ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ይችላሉ፤ ሁለቱን ማጣላት የሚጐዳው ሕመምተኛውን ነው።

መድኃኒት ብቻውንም ቤት አይሞላም። በእኛ ቤት ነርሷ በመከረችው መሠረት ትንሽ ትንሽ ሥራ ተጀመረ። ጧት ዳቦ መግዛት የወንድሜ ሆነ። የቀረበት ቀን አይወቀስም፤ የሄደ ቀን ግን «እግርህ ይባረክ» ይባላል። በፊቱ ስለ እርሱ ለእንግዳ ማውራት ቀረ። «እንደ እከሌ ልጅ በሆንክ» የሚለውም ንግግር ከቤታችን ወጣ። መድኃኒቱን በጀመረ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ እናቴ «ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛ» ብላ በስልክ ነገረችኝ። ሌላ ሰው ቢሰማት የዚህን ነገር ትልቅነት አይረዳውም ነበር።

ወንድሜ ፈጽሞ ድኗል ብዬ አንባብያንን አላታልልም። ዛሬም ሁለቱን መድኃኒቶች ይወስዳል። ዛሬም ሰው የበዛበት ቦታ ይጨንቀዋል፤ የድሮው ጨዋታውም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሆኖም በሳምንት አንድ ሁለት ካውያ ይጠግናል። ወጥ ጨው ሲበዛበትም ከእናቱ ጋር ይከራከራል። «እኔ ባልኖር» ማለት ከተወ ዓመት አልፎታል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በአእምሮ ሕመም በኩል በሽታውን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው አይደለም፤ ጸጥታን እንደ ጤና የምንቈጥር እኛ ነን። ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለባችሁ እናቶች፣ እኅቶችና ሚስቶች፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስትሄዱ አራት ነገሮችን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ስንት ሰዓት እንደሚነቃ፣ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ሰውነቱ መድረቁንና መንቀጥቀጡን፣ ስለ ራሱም የሚናገረውን። መጻፍ የማትችሉ በልጅ አስጽፉ። ሐኪሙ «ድምፅ ይሰማዋል?» ብሎ ብቻ ሊያሰናብታችሁ ቢል፣ «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ» ብላችሁ ወረቀቱን አቅርቡለት። ይህን ማለት ድፍረት አይደለም፤ ከሕክምናው ሥራ ግማሹ ነው።